ዝንቧ የጠበቀችው ሸለቆ

ጢያ ላይ ከቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል፤ ከሰይፉ ሥር ደግሞ ቅጠሉን ወደ ላይ የዘረጋ ተክል የሚመስል ምልክት አለ። እንሰት ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም የሚሉም አሉ። ዩኔስኮ ስፍራውን በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው የምልክቶቹ ፍቺ በቅጡ አልታወቀም ነበር፤ ዛሬም አልታወቀም። እኔ ከእንሰቱ ወገን ነኝ። ለዚህ የምጠራው ምስክር ድንጋዩን ሳይሆን ጢያን አልፎ ወደ ቡታጅራ ሲወረድ ከየቤቱ ጀርባ የሚታየውን ጓሮ ነው። ጦረኛውን የቀበረ ሰው ከሰይፉ ጎን ተክል ከቀረጸ፣ ያ ተክል ከዚያ ጓሮ ሌላ ከየት ይመጣል?

የጉራጌን ምድር የደንና የዱር አራዊት ታሪክ ከፓርክ የሚጀምር ሰው ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀመረ ማለት ነው። ፓርኩ የመጣው በእኛ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ምድሩን ሌሎች ሲጠብቁት ኖረዋል፤ እንሰቱ፣ ጀፎረው፣ ቂጫው፣ መቅደሱ፣ በቆላው ደግሞ አንዲት ትንሽ ዝንብ።

ከእንሰቱ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመና በዘርፉ በስፋት የሚጠቀስ ጥናት እንደሚለው ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንሰት፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር በሚደርስ ጓሮ ላይ ተተክሎ፣ አምስት ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት ይመግባል። ይህ ቁጥር በጤፍ አገር ላደገ ሰው የማይታመን ነው። ጥማድ በሬ፣ ሰፊ ማሳ፣ ዝናብ የሚጠብቅ ዓይን፣ ይህ ሁሉ እዚህ ወደ ጓሮ ተጠቅልሎ ገብቷል። እንሰቱ ከተተከለ በኋላ ዓመታት ይቆያል፤ አፈሩ ሁልጊዜ ጥላ አለው፤ ፍግ ስለሚፈልግ ከብት የግድ ነው፤ ከብት ስላለ ደግሞ ሣር የግድ ነው። ለምግብ የሚታረሰው መሬት ትንሽ በመሆኑ ገደሉ፣ ወንዙ ዳር፣ የተራራው ራስ ለዛፍና ለአውሬ ይቀር ነበር። ሕዝቡ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ በሰፈረበት ደጋ ላይ ይህን ያህል አረንጓዴ እስካለንበት ጊዜ የቆየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ለከብቱ የሚያስፈልገው ሣር ደግሞ ጀፎረ ላይ ነው። ጀፎረን ያላየ ሰው መንገድ ሲባል ጠባብ ነገር ይታየው ይሆናል። ጀፎረ ግን ሁለት ረድፍ ጎጆ ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ አደባባይ ነው፤ ከመንደር መንደር እየተያያዘ ይዘልቃል። ፈረስ የሚጋለበው እዚያ ነው፤ ሙሽራ የሚታጀበው እዚያ ነው፤ ለቅሶ የሚደረሰው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ የመስቀል ደመራ የሚተከለው እዚያ ነው። ጥጃ የሚግጠውም እዚያው። ጀፎረን ማረስ ወይም አጥርን አንድ ክንድ ወደ ፊት ገፍቶ መትከል ነውር ብቻ አይደለም፤ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። የሚቀጣው ማን ነው ቢባል መልሱ ቅርብ ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ የጆካ በሚባለው ስፍራ የሚሰበሰበው ሸንጎ ቂጫ በሚባለው ባህላዊ ሕግ ይዳኛል፤ በክስታኔ ጉራጌ ደግሞ የጎርደና ሸንጎ አለ። ነገሩ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ተነስቶ ካልረገበ ወደነዚህ ይወጣል። ሁሉም ሰው የጀፎረው ባለቤት ማን እንደሆነና የሚፈርደውም ማን እንደሆነ ያውቃል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከታች የሚመጣው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ሌላው ጠባቂ ፍርሃት ነው፤ ወይም ለአማኙ አክብሮት። በጥንቱ የጉራጌ እምነት ዋቅ፣ ቦዣና ደሟሚት የየራሳቸው መቅደስ ነበራቸው፤ መቅደስ ባለበት ደግሞ ዛፍ አለ። ቦዣ የመብረቅ ጌታ ነው። ንብረትን የሚጠብቅ፣ ሌባን የሚቀጣ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር በእሱ ስም የተከለለን ነገር የሚነካ ሰው በደመናማ ቀን ሜዳ ላይ መውጣት ይከብደው ነበር። ክርስትናና እስልምና ሲሰፉ ጥላው ከመቅደሱ ጋር አልጠፋም፤ ባለቤት ለወጠ እንጂ። በሶዶ የሚገኘው የምድረ ከብድ ገዳም በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም የሚጠራ ነው። እኚህ ጻድቅ በሥዕል ሲታዩ ያለ አንበሳና ያለ ነብር አይታዩም፤ ገድላቸው 60 አንበሶችና 60 ነብሮች አብረዋቸው እንደኖሩ ይናገራል። ለአንድ የገዳም ልጅ ስለ አራዊት ከዚህ የሚቀድም ትምህርት የለም። በሙስሊሙ በኩል የአብረትና የቃጥባሬ የሼሆች ስፍራዎች ከሩቅ ምእመን ይጠራሉ፤ የቅዱስ ቦታ ዛፍ ላይ መጥረቢያ ማንሳት እዚያም የሚከብድ ነገር ነው።

ይህን ስል ግን ያለፈውን ዘመን ገነት ማድረጌ አይደለም። ጃርት የእንሰቱን ሥር ይቆፍራል፤ ፍልፈል ከሥር ይበላል፤ ከርከሮና ዝንጀሮ ማሳ ያወድማሉ። ገበሬው እነዚህን ባገኘበት ይገድላቸው ነበር፤ ዛሬም ይገድላቸዋል። ነብር የገደለ ሰው ይዘፈንለት ነበር እንጂ አይከሰስም። የዱር አራዊት ይኖሩ የነበሩት ሰው ስለወደዳቸው ሳይሆን ቦታ ስለነበራቸው ነው።

ቦታቸው በተለይ ቆላው ነው። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተጠማዝዞ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ከደጋው ቅዝቃዜ የወረደ ሰው ሙቀቱ ፊቱን ይመታዋል፤ ሸለቆው የግራርና የረጅም ሣር አገር ነው፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ ትልልቅ ዛፎች ይሰለፋሉ። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ጭኖ ወደ ሸዋ ሲያልፍ ጊቤን ይሻገር ነበር። ይሻገረዋል፤ አይሰፍርበትም። ወባው ሰውን ይጥላል፤ ገንዲ የሚባለው በሽታ ደግሞ በቆላ ዝንብ እየተዛመተ ከብቱን ያከሳውና ይገድለዋል። በሬው ከሞተ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ መንደር የለም። ጉማሬው፣ አዞው፣ አጋዘኑ፣ ጉሬዛው ለዘመናት ያለ አንድ ዘበኛ የኖሩት ለዚህ ነው። ማንም ደመወዝ ያልከፈላት ዝንብ ከማንም የተሻለች የአደን ሹም ነበረች።

የምኒልክ ጦር ጉራጌን ሙሉ በሙሉ ሲያስገብር፣ ማለት በቀቤና የመሪው የሐሰን እንጃሞ ተቃውሞ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሰበር፣ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። አንዱ ሕግ ነው፤ በ1901 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ አደንን የሚገድብ የመጀመሪያውን ደንብ አወጡ፤ በዋናነት ያሳሰባቸውም ዝሆን ነበር። ደንቡ ለጉራጌ ገበሬ የነገረው ነገር ስለመኖሩ አልሰማሁም። ሁለተኛው ዛፍ ነው፤ ከየትኛውም ደንብ በላይ ምድሩን የለወጠው እሱ ነው።

ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ገባ፤ ምኒልክን የመከረው ሞንዶን ቪዳይዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ዋና ከተማዋ በማገዶ እጦት ልትፈርስ ደርሳ ነበርና ዛፉ አዳናት። ጉራጌውም በዚያው ዘመን ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ጀምሯል። ለመስቀል አገሩ ሲገባ ሸማና ጨው ብቻ አልነበረም ይዞ የሚገባው፤ የከተማውን ዛፍም አይቷል፤ በአምስት በስድስት ዓመት ለማገርና ለቋሚ እንደሚደርስም አይቷል። በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከእንሰቱ ጓሮ ኋላ ባሕር ዛፍ ተሰለፈ። ልጅ ሲታመም የሚሸጥ፣ ጎጆ ሲቀለስ የሚቆረጥ፣ አዲስ አበባ ሲገነባ በጭነት መኪና የሚወጣ የቆመ ገንዘብ ሆነ።

ባሕር ዛፍን መራገም ዛሬ ፋሽን ነው። ምንጭ ያደርቃል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ለወፍም እምብዛም አይመችም፤ ይህ ሁሉ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ነገር ግን ያ ዛፍ ባይመጣ ኖሮ የቀረው ዝግባና ኮሶ መጥረቢያው የት ያደርሰው እንደነበር ማሰብም ተገቢ ነው። ጉራጌ ቤት ሲሠራ ብዙ እንጨት ይፈልጋል፤ ያን እንጨት ባሕር ዛፍ ሰጠው። ዕዳውና ውለታው አብረው ይታሰቡ ባይ ነኝ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ አደን አዲስ አዋጅ አወጣ። እሱም በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ቀረ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሥራውን የሚሠራ መሥሪያ ቤት አልነበረምና። ጉራጌ ውስጥ በዚያ ዘመን የሆነው ትልቅ ነገር ሌላ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 በቸሃ ተቀምጦ ሕዝቡን አጠና፤ መጽሐፉ በ1966 ሲወጣ ጉራጌን ለዓለም ያስተዋወቀው «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ነው። ሻክ ስለ መቅደሱና ስለ ጓሮው እየጻፈ ሳለ፣ አዲስ አበባ ያሉት የጉራጌ ነጋዴዎችና ሹማምንት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። በ1954 ዓ.ም. ገደማ የጉራጌ የመንገድ ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ በቡታጅራ በኩል ደግሞ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ለሚዘልቀው መንገድ ሌላ ማኅበር ነበር፤ ይህን ሁለተኛውን ፈቃዱ ገዳሙ የዶክትሬት ጥናቱን ሠርቶበታል። ሕዝብ ከኪሱ አዋጥቶ መንገድ ሲሠራ በኢትዮጵያ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ይህ ነው።

መንገዱ ትምህርት ቤት አመጣ፣ ክሊኒክ አመጣ። ባሕር ዛፉንም ወደ አዲስ አበባ አወጣ። በቡታጅራ ዙሪያ በርበሬውና ጫቱ ገበያ አገኙ፤ እንሰት ብቻ የነበረበት ጓሮ ለገንዘብ ሰብል ቦታ መልቀቅ ጀመረ። እንሰቱ ላይ ደግሞ በዚያው ዘመን ጠላት ታወቀ፦ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ተክሉን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ለሳይንስ አስመዘገቡ። በጉራጌም ሆነ በሌላው የእንሰት አገር ዛሬ ድረስ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ የቆረጡበትን ቢላ በእሳት ማቃጠል፣ ሌላ የለም።

በዚህ መሀል የዱር እንስሳት ጥበቃ የሚባለው ነገር በዘመናዊ መልኩ ኢትዮጵያ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1963 ዩኔስኮ የላከው ቡድን፣ ታዋቂው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሃክስሊ ያለበት፣ አገሪቱን ዞሮ አየና ፓርኮች ይቋቋሙ ሲል መከረ። አዋሽ ተከለለ፣ የሰሜን ተራሮች ተከለሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ፤ «ዋልያ» የሚባል መጽሔትም ማሳተም ጀመረ። ብርቅ የሆነው አውሬ፣ ሰፊው ሜዳ፣ ቱሪስት የሚወደው ገጽታ ተመረጠ፤ ጉራጌ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ዋልያም ቀይ ቀበሮም የለው፣ ሕዝቡ ደግሞ ብዙ። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የሚነበበውም አዲስ አበባ ውስጥ። የየጆካ ሽማግሌና የማኅበሩ አባል አንድ ጉዳይ ላይ እየሠሩ እንደነበር ሁለቱም አያውቁም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ጭሰኛው ነጻ ወጣ፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ጭሰኛ ያልነበረ ነው። ለጋራ መሬት ግን አዋጁ ሌላ ትርጉም ነበረው። በመንዝ ጓሳ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ሣሩን ሲያስተዳድር የኖረው የቀሮ ሥርዓት በዚህ አዋጅ ፈረሰ፤ ሥልጣኑ ከአባቶቹ ወደ ገበሬ ማኅበር ሄደና ጓሳው ማንም የሚያጭደው ሆነ። ጀፎረ ላይ ግን እንዲህ አልደረሰም። ከጎጆው ደጃፍ የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ ለቅሶና ሠርግ በየሳምንቱ ስለሚያሰባስብበት፣ ገበሬ ማኅበሩም ስብሰባውን የሚጠራው እዚያው ጀፎረ ላይ ስለነበር ተረፈ። ኋላ ደርግ መንደር ምሥረታ ሲጀምር ጉራጌ ጥንትም በመንደር ተሰልፎ የሚኖር ሕዝብ ነበር።

የዛፉ ዕድል ግን አልቀናም። በየኮረብታው በዘመቻ ችግኝ ተተከለ፤ ለሥራው እህል ይሰጥ ነበር። የተተከለው ግን «የመንግሥት ደን» ተባለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ በአገሪቱ ሙሉ ያየነው ይህ ስም ያመጣውን ነው፤ የመንግሥት ነው ተብሎ የቆመው ሁሉ፣ ደኑም የፓርኩ ሕንጻም፣ መንግሥቱ በሄደ ሳምንት ተጋዘ። ጀፎረን ያረሰ ሰው ግን በዚያች ሳምንትም አልተሰማም።

ወደ ሸለቆው እንመለስ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እንሰት ያለው አገር ከሌላው ተሻለ፤ የተጎዳው ሰው ግን መድረሻ ይፈልግ ነበርና ወደ ባዶው ቆላ ብዙዎች ወረዱ፤ ሰፈራም መጣ። ግራሩ ተመነጠረ፣ ማሳው ወጣ። ዝንቧ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም። እ.ኤ.አ. በ1986 ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የቁም እንስሳት ማዕከል፣ በምህጻሩ ኢልካ፣ ጊቤ ላይ ስለ ገንዲ ጥናት ጀመረ። ያገኘው የሚያስደነግጥ ነበር፤ የበሽታው ተሐዋስያን ከብቱ የሚወጋባቸውን መድኃኒቶች ለምደዋል። በሬ እያለቀ ሄደ፤ ገበሬው የመነጠረውን ማሳ ጥሎ ሲወጣ ሣሩ ተመልሶ ያዘው። የአየርና የሳተላይት ፎቶግራፎችን ያነጻጸሩት ሮቢን ሪድና ባልደረቦቿ ይህን ከሰማይ አይተውታል፦ ድርቅ፣ ሰፈራ፣ የመሬት ፖሊሲና የዝንቧ ክፋት እየተፈራረቁ እርሻውን ሲያሰፉትና ሲያጠቡት።

ከዚያ በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ዝንቧን የሚገድል መድኃኒት የከብቱ ጀርባ ላይ ማፍሰስ ተጀመረ። ከብቱ ራሱ ወጥመድ ሆነ፤ የነከሰችው ዝንብ ትሞታለች። ሥራው ሠመረ፤ ከብቱ ዳነ፣ ወተቱ ተገኘ፣ ጥጃው አደገ። እርሻውም ሰፋ። ለአንድ ትውልድ በሬው በገንዲ እየሞተበት ልጆቹን ሲያስርብ ለኖረ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መተረክ አያስፈልግም። አውሬዎቹስ? ተመራማሪዎቹ ይህንንም ጠይቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የሸለቆውን ወፎች በየመሬቱ ዓይነት ቆጠሩ። ያገኙት መልስ ለፓርክ ወዳጅም ለእርሻ ወዳጅም የሚመች አልነበረም። በበሬ የሚያርሰው ትንሹ ገበሬ ማሳ፣ አጥሩና ጥሻው ስላለ፣ ብዙ ወፍ ያኖራል። ትራክተር ያረሰው ሰፊ ማሳ ግን ድሃ ነው። የወንዙ ዳር ደን ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኙ ወፎች አሉት፤ እሱ ከተቆረጠ ምንም አይተካውም። እንግዲህ ሸለቆው የሚያስፈልገው ከገበሬው መከላከያ ሳይሆን ከወንዙ ዳር የሚቆም ባለቤት ነበር። ዝንቧ ሥራ ለቀቀች፤ ቦታዋ ክፍት ሆነ።

ቦታው ለዓመታት ክፍት ቆየ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ንጹሕ አካባቢ መብት ነው አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአካባቢ ፖሊሲ ወጣ። በዚያ ዘመን በወጣው የትምህርት ፖሊሲ «አካባቢ ሳይንስ» ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። የጉራጌ ልጅ ስለ አፈርና ስለ ዛፍ በመጽሐፍ መማር የጀመረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል፤ መጽሐፉ ግን ለአገሪቱ በጅምላ የተዘጋጀ ነው። በየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ክበብ ተቋቋመ፤ ችግኝ ጣቢያ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የግድግዳ ጽሑፍ። ብዙ ክበብ የርእሰ መምህሩ ሪፖርት ላይ ብቻ የሚኖር ነው፤ ጥሩ መምህር ያለበት ክበብ ደግሞ ከግቢው ውጪ የሚታይ ዛፍ አለው። የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ደግሞ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ትልቅ ሥራ ሠራ፤ በቃል የኖረውን ቂጫ በመጽሐፍ አሳተመ። ስለ ደን አስተዳደር የሚያስተምር መምህር ከዚህ የሚቀርብ መማሪያ የሚያገኝ አይመስለኝም፤ ክፍል ውስጥ ሲነበብ ግን አልሰማሁም።

ፓርኩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት አዋጅ 541 ወጣ፤ ክልሎችም የራሳቸውን ፓርክ ማቋቋም ጀመሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ክልል ጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክን ከለለ፤ ስፋቱ 360 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወልቂጤ ሩቅ አይደለም፤ አበሽጌን፣ ቸሃንና እነሞርን የሚነካ ነው። ጉማሬና አዞ ከወንዙ፣ አጋዘን፣ ድኩላና ከርከሮ ከጥሻው፣ ጉሬዛ ከወንዙ ዳር ዛፍ፣ ጦጣና ዝንጀሮ ከሁሉም ቦታ። ሃክስሊ ያልዘረዘረው፣ ቱሪስት የማያውቀው ሸለቆ በመጨረሻ ስም አገኘ።

ድንበሩ ካርታ ላይ ሲሰመር ግን ያ ሸለቆ ባዶ አልነበረም። ዝንቧ ከተገፋች ወዲህ የሰፈረው ሰው፣ ከብቱ፣ የከሰል እንጨቱ፣ የሣር እሳቱ ሁሉ እዚያ ነበር። ከየቀበሌው የተመለመሉት የፓርኩ ስካውቶች ጎረቤታቸውን መክሰስ ግድ ሆነባቸው። አንድ ሰው ለጀፎረ አጥር ሲከሰስ ከሳሹም ዳኛውም ተከሳሹም ከዚያው መንደር ናቸው፤ ቅጣቱን የሚበላውም መንደሩ ነው። ለአጋዘን ሲከሰስ ግን ነገሩ «የመንግሥት» ነው፤ ያ የድሮ ስም። በዝንጀሮ የተበላበትን በቆሎ የሚያስከፍለው ደግሞ ማንን ነው?

በ2004 ዓ.ም. ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ ሥራ ሲጀምር ሸለቆው ሌላ ዓይነት ጎብኚ አገኘ። ተማሪና መምህር ወርደው አጥቢውንና ወፉን መቁጠር፣ ገበሬውን መጠየቅ ጀመሩ፤ ጉራጌ ውስጥ የተማረ ልጅ የጉራጌን አውሬ ሲያጠና ይህ የመጀመሪያው ዘመን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲል የጉራጌ ዞን ከተሞችም ወጥተው ተክለዋል። ስንቱ ጸደቀ የሚለው ጥያቄ ቆጠራውን ይጠብቃል፤ በደርግ ዘመን የተተከለውን ያየ ሰው ግን ከቁጥሩ በፊት የሚጠይቀው የማን ነው ብሎ ነው። ጀፎረውም ሰላም አይደለም፤ ወጣቱ ቦታ የለውም፣ ከተማው እየሰፋ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት አጥሩን ወደ ፊት ይገፋል። የሚከስ ሽማግሌ አሁንም አለ፤ የሚታዘዘው ግን እንደ ድሮው ሁሉም አይደለም።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጉራጌም በሁለት ዞን ተከፈለ፤ ወልቂጤ የአንዱ፣ ቡታጅራ የምሥራቁ ዋና ከተማ ሆኑ። የፓርኩ ሸለቆ በወልቂጤ በኩል ቀረ፤ ከ3,700 ሜትር በላይ የሚወጣው የዘቢዳር ተራራ በቡታጅራ ራስጌ ነው፤ ፓርክም የለበት፣ ግን ወደ መስቃንና ወደ ሶዶ የሚወርደው ውኃ ምንጩ እሱ ነው። የሁለቱ ዞኖች ጽሕፈት ቤቶች አሁን በየፊናቸው ዕቅድ ያወጣሉ፤ በየዕቅዱም «የኅብረተሰብ ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚል መስመር ይኖራል።

መስከረም ላይ ትምህርት ይከፈታል፤ በሸለቆው በቆሎው ከእሸት ወደ ደረቅ የሚሻገረውም ያን ሰሞን ነው። ዝንጀሮው ጎህ ሲቀድ ይወርዳል፤ ማሳውን የሚጠብቀው ደግሞ ልጁ ነው። ስለዚህ የአካባቢ ክበቡ የዓመቱን የመጀመሪያ ስብሰባ ሲያደርግ ከፓርኩ አጥብቀው የሚዋሰኑት ልጆች ክፍል ውስጥ የሉም። ጥቅምት ሲገባና በቆሎው ሲሰበሰብ ይመጣሉ። መምህሩ ይህን ያውቃል፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ያውቃል፤ የዓመቱ የትምህርት ሰሌዳ ግን የሚወጣው ከላይ ነው።